የላዳ ሞላ ሲወርድ
መቼ ይቀየራል? እንዴትስ ይቀየራል?

«መኪናዋ ተኝታብኛለች» የማይል የአሮጌ ላዳ ባለቤት ማግኘት ከባድ ነው። ኋላዋ ወርዶ የፊት መብራቷ ዛፍ ላይ ያበራል። ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ደግሞ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዷ ይፋተጋል። ጋራዥ ሲወሰድ አንዱ መካኒክ «ሾኩ ሞቷል» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሞላው ለስልሷል» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሜትር አላነሱም። ባለቤቱም ከሁለት አንዱን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል።

ነገሩ ግን ያን ያህል ምስጢር አይደለም። ሞላና ሾክ አብዞርበር ሥራቸው የተለያየ ነው። ሲበላሹም የሚያሳዩት ምልክት የተለያየ ነው።

ሞላው፣ የተጠማዘዘው ወፍራም የብረት ሽቦ፣ ክብደት ይሸከማል። መኪናዋ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብላ እንደምትቆም የሚወስነው እሱ ነው። ሾኩ ምንም ክብደት አይሸከምም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሱ ሥራ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ሲዘል ዝላዩን ማብረድ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ጉድጓድ ካለፈች በኋላም ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዟን ካላቆመች ሾኩን ጠርጥሩ። ባዶዋን ቆማ ዝቅ ካለች፣ ወይም በአንድ ጎን ካዘነበለች፣ ጥያቄው የሞላ ነው። አዲስ ሾክ አስገብቶ «አሁንም አልተነሳችም» ብሎ ከመካኒኩ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው የሚጨቃጨቀው በከንቱ ነው። ሾክ መኪና አያነሳም።

ለምሳሌ ላዳን የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ያመላለሰች መኪና ናት። ዛሬ ከመንገዱ እየጠፋች ነው፤ ያሏት ሰዎች ግን እንደ ቅርስ መያዝ ጀምረዋል። መሠረቷ ጣሊያናዊ ነው። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣች። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከሉ። ቫዝ 2101፣ የመጀመሪያዋ ላዳ፣ በ1970 መመረት ጀመረች። እንዳለች ግን አልገለበጧትም። የሩሲያን መንገድ እንድትችል ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የሰውነቷን ቆርቆሮ አወፈሩት፤ የኋላ እግሯንም፣ ማለትም ሞላና ሾኩ ያሉበትን ክፍል፣ እንደገና ነደፉት። ከሷ የተወለዱት 2103፣ 2106፣ 2105 እና 2107 በእግር በኩል እምብዛም አይለያዩም። የመጨረሻዎቹ ሩሲያ ውስጥ የተመረቱት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ይህ ለባለቤቱ መልካም ዜና ነው፤ ያንዷ ዕቃ ለሌላዋ ብዙ ጊዜ ይሆናል።

ፊት ለፊት በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ብራቾ፣ ጎማውን ከሰውነቷ ጋር የሚያገናኝ የብረት ክንድ፣ አለ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ሞላው የታችኛው ብራቾ ላይ ይቀመጣል። ሾኩ በሞላው ሆድ ውስጥ ያልፋል። ኋላ ላይ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል አለ። እሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ አራት ዘንጎች፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ አንድ አግድም ዘንግ ይዘውታል። ሁለቱ ሞላዎች በአክስሉና በሰውነቷ መሀል ተቀምጠዋል። ሾኮቹ ለብቻቸው ናቸው። ይህ ልዩነት ሥራው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል፤ የኋላው ቀላል፣ የፊቱ አደገኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሞላው ለስልሷል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ብረት በዕድሜ አይለሰልስም። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥምዝምዙ ስፋትና በጥምዝምዙ ብዛት ነው። እነዚህ ካልተለወጡ ጥንካሬው አይለወጥም። የሚለወጠው ቁመቱ ነው። ለዓመታት ከልክ በላይ እየተጫነ፣ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ፣ ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያጥራል። መካኒኩ «ለሰለሰ» የሚለው መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ታች ስትነካ ነው፤ የምትነካው ግን ሞላው ስላጠረና የሚጨመቅበት ቦታ ስላነሰው ነው።

አንድ ልዩነት አለ፤ እሱም ዝገት ነው። የላዳ የሞላ ሽቦ ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር ነው። ዝገት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ በልቶ 12.5 ቢያደርሰው፣ ሞላው ከጥንካሬው ወደ 15 በመቶ ያጣል። ግማሽ ሚሊ ያን ያህል ለምን ያመጣል ካላችሁ፣ ውፍረቱ በስሌቱ ውስጥ አራት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ዝገቱ የሚቆፍራቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ናቸው። ሞላ የሚሰበረው ከነሱ ተነስቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ጥምዝምዝ ጋ፣ ጭቃና ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ላይ ይቆረጣል። መኪናዋ ቆማ ስትታይ ላያስታውቅ ይችላል። በባትሪ እያበሩ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ጫፉን ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የአራቱም ጎማ ንፋስ ትክክል ይሁን። መኪናዋን ባዶ አድርጉ፤ ከኋላ የተረሳውን ጀሪካንና የመለዋወጫ ሳጥን ጭምር አውርዱ። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነድታችሁ አቁሙ፤ በክሪክ ተነስታ የወረደች መኪና ወዲያው ቦታዋን አትይዝም። ከዚያ ከቸርኬው መሀል ነጥብ ቀጥ ብሎ ከጎማው በላይ እስካለው ቆርቆሮ፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ ጎማው ያለቀ ወይም የተቀየረ ከሆነ ልኩ ያሳስታችኋል። ቀኙንና ግራውን አወዳድሩ። የሚሊ ሜትር ልዩነት አያሳስብም። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ ግን ምክንያት አለው። ላዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወርደው የግራው ጎን ነው፤ ሹፌሩ ከማለዳ እስከ ማታ የሚቀመጠው በዚያ በኩል ነዋ። ፓራፋንጎው ተጋጭቶ የተሠራ መኪና ላይ ግን በጠርዙ አትመኑ፤ የተበየደ ጠርዝ የራሱን ልክ ይሰጣችኋል።

ሌላው ምስክር ማቆሚያ ጎማው ነው። ሞላው ጨርሶ ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚቀበል ጥቁር ጎማ አለ። ተፈረካክሶ ወይም ጠፍቶ ካገኛችሁት መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ስትደበደብ ኖራለች። የፊት ጎማ በውስጥ ጎኑ ብቻ ሲበላም ጠርጥሩ። ፊቷ ሲወርድ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል።

አሁን ግዢው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ጥቁር ቀለም የተቀባ ያማረ ሞላ ታገኛላችሁ። ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ያልተጫነ የ2101 የፊት ሞላ ቁመቱ 360 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኋላው 434 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የስቴሽን ዋገኗ የኋላ ሞላ ከዚያ ይረዝማል፤ አንዳንዱ «መኪናዬ ትነሳ» ብሎ እሱን ያስገባል። ትነሳለች፤ ነገር ግን ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ሽቅብ ይቀራል። ዘወትር ሸክም ለሚጭን ካልሆነ አልመክረውም። አሮጌ ሞላ ተፍቆ ተቀብቶ እንደ አዲስ ሲሸጥ ቀለሙ ሥር የዝገት ጉድጓዶች በጥፍር ይዳሰሳሉ። የማይረባ የሚመስል ሥራ ነው፤ ግን ጥፍራችሁን በሽቦው ርዝመት አስኪዱት።

ከፋብሪካ የወጡ ሞላዎች ሌላም ምልክት አላቸው። ጥምዝምዞቹ ላይ በጎን የተሰመረ ቀለም ታያላችሁ። ፋብሪካው የፊቱን ሞላ በ435 ኪሎ ጭኖ ቁመቱን ይለካል። ከ232 ሚሊ ሜትር በላይ የቀረው ምድብ «ሀ» ይሆንና ቢጫ ይቀባል። ከዚያ ያነሰው ምድብ «ለ» ይሆንና አረንጓዴ ይቀባል። ቢጫና አረንጓዴ በአንድ ረድፍ አይቀላቀሉም። ግራው ቢጫ፣ ቀኙ አረንጓዴ ከሆነ አዲስ ሞላ ገዝታችሁም መኪናዋ ታዘነብላለች። አንዱን ብቻ መቀየር የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞላ በጥንድ ይገዛል፤ በጥንድ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ንቁ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳል። 2101 ራሷ ባዶዋን 955 ኪሎ ነው የምትመዝነው። ለአራት ጎማ ስናካፍለው 240 ኪሎ አይሞላም። ታዲያ አንድ ሞላ በ435 ኪሎ ተጭኖ የሚለካው ለምንድነው? መልሱ ብራቾው ላይ ነው። ጎማው በብራቾው ጫፍ ላይ ነው፤ ሞላው ግን ወደ መሀል ገብቶ ተቀምጧል። ብራቾው ሸክሙን ያጎላዋል። ሞላው ጎማው ከሚሸከመው እጥፍ የሚጠጋ ይሸከማል። በተቃራኒው ደግሞ ሞላው ጥቂት ሲያጥር ጎማው ጋ የሚታየው መውረድ እጥፍ ይጠጋል። ሞላው በ1 ሴንቲ ሜትር አጠረ ማለት ፊቷ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወረደ ማለት ነው። 435 ኪሎ የሚለውን ቁጥር ያዙት፤ የፊቱን ሞላ ስንፈታ ለምን እንደምንጠነቀቅ የሚነግረን እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን በየጋራዡ ስለሚደረጉ ሦስት «መፍትሔዎች» ትንሽ ልበል።

የመጀመሪያው ሞላውን በጋዝ እሳት አግሎ መሳብ ነው። ሞላው እውነትም ይረዝማል። ለጥቂት ሳምንትም መኪናዋ ቀና ትላለች። ነገር ግን የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ፣ በልክ ቀዝቅዞ ነው። ቀይ እስኪሆን ሲግል ያ ሁሉ ይፈርሳል። የጋለው ቦታ ተራ ብረት ይሆናል። መልሶ ይተኛል፤ ካልሆነም ከጋለውና ካልጋለው መጋጠሚያ ላይ ይሰበራል። ሞላ አጠገብ ብየዳ መበየድም ያው ነው፤ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ያረፈበት ነጥብ የስብራት መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው ሞላውን በሴጌቶ ወይም በግራይንደር ማሳጠር ነው። ይህን የሚያደርጉት መኪናቸው ዝቅ እንድትል የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። አንድ ጥምዝምዝ ሲቆረጥ ሞላው ያጥራል፤ በዚያው ልክ ግን ይጠነክራል። ዝቅ ያለችና የምትደበድብ መኪና ይሆናል ውጤቱ። የተቆረጠው ጫፍም መቀመጫው ላይ አይገጥምም። የአዲስ አበባን ጉብታ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ሦስተኛው በጥምዝምዞቹ መሀል የሚገባው ወፍራም ጎማ ነው። ከሦስቱ ይሄኛው ይሻላል። ቢያንስ ብረቱን አያበላሽም። ሆኖም ጎማው የገባባቸው ጥምዝምዞች መሥራት ያቆማሉ፤ የነሱን ሥራ የቀሩት ይሸከሙታል። ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ወር ቢሆን አልቃወምም።

ወደ ሥራው። ከኋላው እንጀምር፤ እጁ መፍቻ የለመደ ሰው ሊሠራው ይችላል። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። ኋላዋን አንሱና ሰውነቷን በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። አክስሉን በሁለተኛ ክሪክ ያዙ። የሾኮቹን የታች ብሎን በ19 ቁልፍ ፍቱ። አግድሙን ዘንግ በአንድ ጫፉ ፍቱ። ከዚያ አክስሉን በክሪኩ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ሞላው ራሱ ይላላል፤ በእጅ ይወጣል።

እዚህ ላይ ዓይናችሁ ከፍሬን ቱቦው አይነቀል። ከሰውነቷ ወደ አክስሉ የሚሄድ አንድ ለስላሳ የፍሬን ቱቦ አለ። አክስሉ ከልኩ በላይ ከወረደ ይለጠጣል። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊቀደድ ይችላል። የእጅ ፍሬኑን ገመድም እዩት። አዲሱን ሞላ ስታስገቡ ከላይና ከታች ያሉትን የጎማ መቀመጫዎች አብራችሁ ቀይሩ። ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለቀ መቀመጫ ላይ አዲስ ሞላ ማስቀመጥ ግን «ምን ይንጫጫል?» የሚል ሌላ ምርመራ ይከፍታል።

ፊቱ ሌላ ነገር ነው። ከ400 ኪሎ በላይ የተጨመቀ ሞላ እንደተሳበ ወንጭፍ ነው። ካመለጠ እጅ ይሰብራል፤ ሰው ገድሎም ያውቃል። የለመደ መካኒክ ይሥራው፤ እናንተ ግን ምን መደረግ እንዳለበት አውቃችሁ አጠገብ ቁሙ። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎን።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። ሰውነቷ በማቆሚያ ላይ ያርፋል። ጎማው ይወጣል። ሾኩ ከላይ በ17፣ ከታች በ13 ቁልፍ ተፈትቶ በሞላው መሀል ይወጣል። መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዘው ሚዛን ዘንግ ከብራቾው ይላቀቃል። ከዚያ ሞላው በመጭመቂያ ይታሰራል፤ ወይም ከታችኛው ብራቾ ሥር ጠንካራ ክሪክ ይገባል። ጠንቃቃ መካኒክ በሞላው መሀል ሰንሰለት አሳልፎ ከሻሲው ጋር ያስረዋል። ሰንሰለቱን ሳያስር የሚጀምር ካያችሁ «አንዴ ቆይ ወንድሜ» ማለት መብታችሁ ነው። ቀጥሎ የጎማውን መያዣ ከብራቾው ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ቦል ጆይንት ይፈታል። ይህ ቦል ጆይንት ብራቾው ላይ የታሰረው በሦስት ብሎኖች ስለሆነ፣ በመዶሻ ከመቀጥቀጥ ሦስቱን መፍታት ይቀላል። በመጨረሻ ብራቾው በዝግታ ይወርዳል። ክሪኩ ሲወርድ ብራቾው ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ወደ ጎንም ይዞራል። ክሪኩ የሚንሸራተተው በዚህ ጊዜ ነው።

አዲሱ ሞላ ሲገባ የታችኛው ጫፉ ብራቾው ላይ ባለው ጎድጎድ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት። ጫፉ ከጎድጎዱ ወጥቶ ከተቀመጠ ያ ጎን ከፍ ይላል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ መኪናዋ ታዘነብላለች፤ ሞላው ይወቀሳል።

አንድ ነገር ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይረሳል። የብራቾውና የኋላ ዘንጎቹ ጎሚኒዎች መሀላቸው ብረት፣ ዙሪያቸው ጎማ ነው። ሥራቸውን የሚሠሩት ጎማው እየተጠማዘዘ ነው። መኪናዋ ተሰቅላ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ዳዶዎቹ ከተጠበቁ ጎማው በዚያ ቦታ ይያዛል። መሬት ስትወርድ ከመጀመሪያው ተጠማዞ ይቀራል፤ ሳይውል ሳያድር ይቀደዳል። ስለዚህ ዳዶዎቹ በጣት ያህል ብቻ ይታሰሩ። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ተጭና ይሁን። ፋብሪካው የሚጠይቀው ጭነት 320 ኪሎ ነው፤ አራት ሰውና 40 ኪሎ ዕቃ። ጋራዡ አካባቢ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡት ለዚህ ያገለግላሉ።

የመጨረሻው ነገር ፍሬን ነው። ከኋላ አክስሉ ተነስቶ ሰውነቷ ላይ ካለ ትንሽ የብረት ዕቃ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ዘንግ ታያላችሁ። ይህ ዕቃ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኃይል ይመጥናል። የሚመጥነው ኋላዋ ምን ያህል እንደወረደ እያየ ነው። ኋላዋ ዝቅ ካለ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ይለቃል። ከፍ ካለ «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል። አዲስ ሞላ ገብቶ ኋላዋ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሲነሳ፣ ይህ ዕቃ ባዶ የሆነች መስሎት የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል። ተጭና ቁልቁለት ስትወርድ ልዩነቱ ይታወቃል። ስለዚህ ሞላ ከተቀየረ በኋላ እንደገና ይስተካከላል። አሮጌ ላዳ ላይ ዝጎ ተጣብቆ ካገኛችሁትም ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሥር ገብታችኋል፣ ቀይሩት።

ዊል አላይመንት ወዲያው አታሠሩ። አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይረግጣል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዱና ያኔ በቸርኬውና በፓራፋንጎው መሀል እንደገና ለኩ። ቁመቱ ከረጋ ጎማዎቹ ይስተካከሉ፤ ላዳ ላይ የጎማው ማዘንበል የሚስተካከለው በታችኛው ብራቾ ሥር በሚገቡ ስስ ብረቶች ነውና የሚያውቀው ሰው ጋ ውሰዷት። የፊት መብራቱም በዚያው ቀን እንደገና እንዲስተካከል አድርጉ። ለወረደች መኪና የተስተካከለ መብራት ነበር።